«ከ12 እስከ 8» በማን ሰዓት?

የጤና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ፣ ማለትም በቀን ውስጥ ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ እየበሉ በቀሩት ሰዓታት ከምግብ ስለ መቆየት ናቸው። «ጾም» የሚለውን ቃል ለሃይማኖቱ ትተን ከታች «ፋስቲንግ» ብለነዋል። ሰዉም የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ባገኘሁት ሠንጠረዥ መሠረት 16 ሰዓት ሳልበላ ቆይቼ በቀረው 8 ሰዓት ውስጥ እመገባለሁ። «ከ12 እስከ 8» ስለሚል ቁርሴን ጠዋት 12 ሰዓት በልቼ ምሳዬን 8 ሰዓት ሳይሞላ እጨርሳለሁ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ማታ ማታ ግን ረሃቡ እንቅልፍ ነሳኝ። ልቀጥል ወይስ ልተው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሠንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ ነው። የእነሱ 12 የእኛ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን፣ የእነሱ 8 ደግሞ የእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። ሠንጠረዡ ያለዎት «በምሳ ይጀምሩ፣ እራትዎን ከማታው 2 ሰዓት በፊት ይጨርሱ» ነው። በሁለቱም አቆጣጠር መሐሉ ስምንት ሰዓት ሆኖ ስለሚገጥም ስህተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም። ስልክ ላይ የሚጫኑት የፋስቲንግ መተግበሪያዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ስድስት ሰዓት ጨምረው ወይም ቀንሰው ያንብቧቸው።

በስህተት ያደረጉት ግን ክፉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ 8 ወንዶችን ለ5 ሳምንት በስድስት ሰዓት ውስጥ ብቻ አብልቷቸዋል፤ የመጨረሻው ማዕዳቸውም ከእኛ ቀን 9 ሰዓት በፊት የሚያበቃ ነበር። ክብደታቸው ሳይቀንስ ኢንሱሊን በሰውነታቸው የተሻለ መሥራት ጀመረ፣ የደም ግፊታቸውም ወረደ። ስምንት ሰው ጥቂት ነው፤ ይሁንና ቀደም ብሎ በልቶ ቀደም ብሎ ማብቃት ለሰውነት እንደሚስማማ ፍንጭ ይሰጣል። (እኛ ዘንድ 9 ሰዓት ጾመኛው እህል የሚቀምስበት ሰዓት መሆኑን ልብ ይሏል።)

የእርስዎ ችግር ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም መሆኑ ነው። ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ ቤት ገብተው መሶቡ ሲቀርብ ዝም ብለው ማየት ይጠበቅብዎታል። ስለዚህ ከ16 ሰዓት ይውረዱ። የመጀመሪያውን ሳምንት እራትዎን ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ጨርሰው ቁርስዎን ጠዋት 1 ሰዓት ይብሉ፤ 12 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ቁርሱን ወደ 2 ሰዓት፣ በሦስተኛው ወደ 3 ሰዓት ይግፉት። እዚህ ላይ 14 ሰዓት ደርሰዋል። እንቅልፍዎ ከተመለሰና ሥራዎ ካልተጓደለ እዚያው ይቆዩ። 16 ቁጥሩ ምንም ምሥጢር የለውም፤ ከፈለጉ በኋላ ቀስ ብለው እስከ 5 ሰዓት ሊገፉት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሙሉ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ምግብ አልቀምስም። ጠዋት ቢሮ ስገባ አንድ ማኪያቶ፣ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ አንድ እጠጣለሁ፤ ሌላ የለም። በየሳምንቱ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ እመዘናለሁ። አንዴ 81፣ አንዴ 84 ይለኛል። ፋስቲንግ ለእኔ አይሠራም ማለት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሚዛኑን እንይ። የእግረኛ መንገድ ድንጋይ እኩል አይደለም። ሚዛኑ አንዱ እግሩ ከተንጠለጠለ ወይም ካዘነበለ ኪሎ ሁለት ኪሎ ይበላል ወይም ይጨምራል። በዚያ ላይ ጫማ፣ ጃኬት፣ ስልክና ቁልፍ አለ። ጠዋት ሲሄዱ ተመዝነው በሌላ ሳምንት ከምሳ በኋላ ቢመዘኑ ደግሞ የበሉትና የጠጡት ራሱ ከኪሎ በላይ ይመዝናል። ከ81 እስከ 84 ያለው ልዩነት በሙሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። የቤት ሚዛን ከሆነ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ያስቀምጡት። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጽፈው አማካዩን ከአማካዩ ያወዳድሩ። ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፦ እምብርትዎ ላይ ዙሪያውን፣ አየር አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ።

ቀጥሎ ማኪያቶው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ያህል ነው፤ ወደ 50 ካሎሪ ይጠጋል። ወተቱ ሲጨመርበት አንዱ ስኒ መቶ አካባቢ ይደርሳል። ሁለቱ ማኪያቶ ሁለት ትንንሽ ቁርስ ናቸው፤ ፋስቲንጉም ከጠዋቱ ፈርሷል። በባዶው ሰዓት የሚፈቀደው ውሃ፣ ያለ ስኳር ሻይና ያለ ስኳር ጥቁር ቡና ብቻ ነው። ቅቤ የገባበት ቡና፣ ጁስ፣ በሶ፣ «እፍኝ ቆሎ ብቻ» ሁሉም ምግብ ናቸው። እፍኝ ቆሎ ብቻውን ከ100 ካሎሪ ያልፋል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምሳና እራቱ ሳይሆን አይቀርም። ፋስቲንግ ስብን በራሱ አያቀልጥም። በጓንግዡ ከተማ 139 ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ለአንድ ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አለ። ሁለቱም ቡድን ካሎሪ ቀንሶ ሲበላ፣ አንዱ በተጨማሪ ከእኛ ጠዋት 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንዲበላ ተደረገ። ሰዓት የተገደበበት ቡድን በአማካይ 8 ኪሎ፣ ያልተገደበበት 6.3 ኪሎ ቀነሰ፤ በስሌት ሲታይ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አልሆነም። ሰዓት መገደብ የሚጠቅመው ቁርስን ወይም የሌሊቱን መቃመስ ስለሚያስቀር ነው። ያስቀሩትን ምሳ ላይ ከመለሱት ሂሳቡ ዜሮ ይሆናል።

እስቲ ሽሮውን እናስላ። ለአራት ሰው የሚሠራ ሽሮ ውስጥ ግማሽ ብርጭቆ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት ቢገባ 800 ካሎሪ ገደማ ነው። ለአንድ ሰው 200 ይደርሰዋል፤ እንጀራውን ሳንቆጥር። ይህን ለመቀነስ ሽንኩርቱን ደቅቆ እንደተከተፈ ያለ ዘይት ድስት ላይ ያድርጉት፤ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ እየጨመሩ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቁላሉት። በርበሬውንም በውሃ ያብስሉት። ዘይት በመጨረሻ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ይህ 360 ካሎሪ ነው፣ ለአንድ ሰው 90። በርበሬው ድስት ላይ የሚያርረው ሰው ውሃውን ሲሳሳ ነው፤ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ጠብ ማድረግ ነው። በአንድ ማዕድ 110 ካሎሪ ቀረ፣ ጣዕሙም አልሄደ። በምሳና በእራት እንዲህ ካደረጉና ሁለቱን ማኪያቶ በጥቁር ቡና ከለወጡ በቀን 400 ካሎሪ ገደማ ጎደለ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በወር አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይጠብቁ። «በሳምንት አምስት ኪሎ» የሚሉዎት ውሃ እየሸጡልዎት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሰውነት ያከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት ይወጣል።

ጥያቄ፦ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ራሴን ወቀረኝ። 4 ሰዓት ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጨጓራም ስላለብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ቡና በባዶ ሆዴ ልጠጣ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ጨጓራ ካለብዎት አይጠጡ። ቡናዎን ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ያድርጉት።

ራስ ምታቱ ግን ከዚያው ከቡናው የመጣ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ይጠጡት የነበረውን ቡና በአንድ ጊዜ ካቋረጡ፣ ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምራል፤ በአንድ በሁለት ቀን ይበረታል፤ አንዳንዱን እስከ 9 ቀን ያቆየዋል። ስለዚህ ቡናውን ቀድመው፣ ከፋስቲንጉ በፊት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ስኒ እየቀነሱ ያውርዱት። ሁለቱን በአንድ ሰኞ መጀመር ነው ሰዉን የሚያስመርረው። ሌላው ምክንያት ውሃ ነው። ቁርስ ሲቀር ከሻዩና ከምግቡ ጋር ይገባ የነበረው ውሃና ጨውም ይቀራል፤ ሰውነትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወትሮው የበለጠ ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣል። ከመቀመጫ ሲነሱ የሚያዞረው ለዚህ ነው። እንደተነሱ ሁለት ብርጭቆ፣ ከዚያ እስከ ምሳ ሌላ ሁለት ይጠጡ። ወጡን ያለ ጨው አይብሉ፤ የደም ግፊት ያለበት ግን ጨው አይጨምር።

ለመንቀጥቀጡ የማታውን ማዕድ ይመርምሩ። እራትዎ ዳቦ በሻይ ከነበረ ጠዋት 4 ሰዓት መድረስ ከባድ ነው። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ሥጋ ይኑርበት፤ ክብደት የሚቀንስ 70 ኪሎ ሰው በቀን 84 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ጡንቻው አብሮ እንዳይሄድ ይረዳዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር ከ15 እስከ 18 ግራም ይሰጣል። ከመንቀጥቀጡ ጋር ላብና የዓይን ብዥታ ካለ ወዲያው ይብሉ፤ ፋስቲንጉንም አቁመው ስኳርዎን ያስለኩ።

ኦሜፕራዞል ከመጀመሪያው ምግብ 30 ደቂቃ ያህል ቀድሞ የሚወሰድ ነው። የመጀመሪያው ምግብዎ 5 ሰዓት ከሆነ ኪኒኑ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው እንጂ ከእንቅልፍዎ ሲነሱ አይደለም። ለራስ ምታቱ ብለው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በባዶ ሆድ እንዳይውጡ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከዎት ነገሩ የፋስቲንግ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፤ ሥጋም ወተትም የለም። ለምን እወፍራለሁ? (ከለገሃር)

መልስ፦ የጾም ሳምቡሳ፣ የጾም ኬክ፣ ቦምቦሊኖ። ከሥጋና ከቅቤ መራቅ ከዘይት መራቅ አይደለም፤ ያ ሁሉ የተጠበሰው በዘይት ነው። 9 ሰዓት ላይ በውሃና በአንድ ሳህን ሾርባ ወይም በፍራፍሬ ይጀምሩ፣ 15 ደቂቃ ይታገሡ፣ ከዚያ ምስር ወይም ሽሮ ከጎመንና ከሰላጣ ጋር ይብሉ። የራበው ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ ሲያወርደው ነው 10 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛው። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ቀለል ያለ ማዕድ ይጨምሩ። የምሳውን ቡና ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት፤ ቡናና ሻይ ከእህል የሚገኘውን ብረት ያስቀራሉ፤ 55 ቀን ሥጋ ለማትበላ፣ በተለይ የወር አበባ ለምታይ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው 2 ሰዓት ተኩል ነው። አብሬው ካልበላሁ ቅር ይለዋል፤ ጉርሻ ይዞ ይለምነኛል። (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እንግዲህ ሰዓቱን ወደ እሱ ያምጡት፤ ከ7 እስከ ማታ 3 ሰዓት ይብሉ። ማለዳው ቢሻልም ቤት የሚያውክ ሠንጠረዥ ወር አይዘልቅም። ከእራት በኋላ ወዲያው አይተኙ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቢቆዩ ቃር አያስቸግርዎትም።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ስኳር አለባት፣ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። እኔን አይታ ልጀምር ትላለች። ልተዋት? (ከአምባሳደር)

መልስ፦ ሐኪሟ መድኃኒቱን ሳያስተካክል አይሆንም። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንድታወጣ ያስገድዳል፤ እናትዎ በሉም አልበሉም መሥራቱን አያቆምም። በባዶ ሆድ የደም ስኳር ከ70 (mg/dL) በታች ሊወርድባቸው ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋም ሰው እንዲሁ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር መድኃኒት ብቻውን ሲሆን ይህ አደጋ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ለሐኪም ይነገር። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅና ከምግብ ጋር ጠብ ገብቶ ያውቅ የነበረ (ራሱን እስከ ሕመም የሚያስርብ ወይም የበላውን ሆን ብሎ የሚያስመልስ) ሰው ጨርሶ አይጀምሩት።

ቤት ውስጥ ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ስኳር ለመለካት እንኳ አይዘግዩ፦ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት፤ ከዚያ ምግብ ያብሏቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይስጡ፤ ትንታ ያንቃቸዋል፤ ወደ ሐኪም ቤት ያድርሷቸው። ለቀጠሮው ሲሄዱ የመድኃኒቶቻቸውን ካርቶን በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ የግፊት መድኃኒት ካለም እሱን ጭምር።