ለጌም የሚሆን ቲቪ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው «1 ሚሊ ሰከንድ» ኢንፑት ላግ አይደለም

ወንድሜ፣ ለፕሌይስቴሽን 5 የሚሆን 55 ኢንች ቲቪ ልትገዛ መሆኑን፣ አንዱ ሻጭ «1 ሚሊ ሰከንድ ነው»፣ ሌላው «ሞሽኑ 240 ነው» እንዳሉህ ጽፈሃል። አሁን ባለህ ቲቪ ደግሞ ኳስ ስትጫወት ፓስ ተጭነህ ተጫዋቹ ቆይቶ ነው የሚያቀብለው ብለሃል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ያለህን ቲቪ ፈትሸው። ቲቪው የመጣለትን ምስል እስኪያሳይ የሚያዘገየው ጊዜ ኢንፑት ላግ ይባላል፤ እንዲህ ያለ መዘግየት ብዙ ጊዜ ከሴቲንግ የሚመጣ ነው።

ቲቪ ከኮንሶሉ የመጣለትን ምስል እንዳለ አያሳይም። ብናኙን ያጸዳል፣ ጠርዙን ያጎላል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን እንቅስቃሴውን ለማለስለስ ሲል በሁለት ፍሬሞች (ተከታትለው በሚመጡ ነጠላ ምስሎች) መሃል የራሱን ፍሬም ሠርቶ ማስገባቱ ነው። መሃል የሚገባውን ለመሥራት ቀጣዩን ፍሬም ማየት ስላለበት የመጀመሪያውን ይዞ ይጠብቃል። ጌምህ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ከሆነ አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሁለት ሦስት ፍሬም ሲጠራቀም ጣትህ ይሰማዋል። ፊልም ስታይ ግን ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ ምንም አይታወቅህም። ጌም ሞድ የሚባለው የቲቪው ሴቲንግ ሲበራ አብዛኛው ይህ ሥራ ይታለፋል። በተራው የምስል ሞድ 50 አንዳንዴም ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሚዘገይ ቲቪ በጌም ሞድ ወደ 10 ወይም 15 ሊወርድ ይችላል።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በብዙ ቲቪዎች ጌም ሞድ የሚቀመጠው ለእያንዳንዱ የኤችዲኤምአይ ፖርት ለየብቻ ነው። ኬብሉን ነቅለህ ሌላ ፖርት ላይ ከሰካኸው እንደገና ማብራት አለብህ። በሳምሰንግ ቲቪዎች ብዙ ጊዜ የምታገኘው ከፒክቸር ሞዶቹ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን ኤክስተርናል ዲቫይስ ማኔጀር በሚለው ሥር ነው፤ በሶኒ ግን ከፒክቸር ሞዶቹ አንዱ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ቲቪውን በራሱ ወደ ጌም ሞድ ማስገባት ይችላል፤ ቲቪው አውቶ ሎው ሌተንሲ ሞድ የሚባለውን መደገፍ አለበት። ፕሌይስቴሽን 4 ይህን ስለማያደርግ በእጅ ማብራት የግድ ነው።

ለውጡን በስሜት ብቻ አትመዝነው፤ ስልክህ በሰከንድ 240 ፍሬም በስሎው ሞሽን መቅረጽ ከቻለ መለካት ትችላለህ። ስልኩን በሆነ ነገር ላይ አስደግፈህ አውራ ጣትህና ስክሪኑ አንድ ላይ እንዲታዩ አድርግ። ኢንተርኔት የማይፈልግ ጌም ከፍተህ ገጸ ባህሪው የሚዘልበትን ቁልፍ ጠንከር አድርገህ ተጫን። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እያሳለፍክ፣ ቁልፉ ወደ ታች ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው እንቅስቃሴ እስኪታይ ቁጠር። እያንዳንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንዱን ጭነት ብቻ አትመን፤ አሥር ጊዜ ለካና አማካዩን ውሰድ፣ ምክንያቱም ጣትህ አንዳንዴ ፍሬሙ ሊቀየር ሲል፣ አንዳንዴ ገና እንደተቀየረ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ጌም ሞዱን አጥፍተህ በዚያው ጌም፣ በዚያው ቦታ ድገመው። ለምሳሌ ሲበራ 22፣ ሲጠፋ 40 ፍሬም ከቆጠርክ፣ ልዩነቱ 18 ፍሬም ወይም 75 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ያ ሁሉ የቲቪው ጣጣ ነበር። የቀረው 22 ፍሬም የሁሉም ድርሻ ስለሆነ አያስደንግጥህ፤ ጆይስቲኩ፣ ጌሙና ኮንሶሉም የየራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉ። በ30 ፍሬም የሚሄድ ጌም የትኛውም ቲቪ ላይ ከባድ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። ከመስመር ውጪ ስትጫወት ምንም ሳይዘገይ ኦንላይን ስትገባ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የኔትወርክ ነው፤ ቲቪ መቀየር አይፈታውም።

አሁን ወደ ሻጮቹ ቃል። «1 ሚሊ ሰከንድ» ሪስፖንስ ታይም ነው፣ ማለትም አንድ ፒክስል ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ። ይህ ሲረዝም ምስሉ ከኋላው ጭራ ይጎትታል እንጂ የጣትህን ትእዛዝ ያን ያህል አያዘገይም። ኢንፑት ላግ ሌላ ነገር ነው፤ ካርቶን ላይም አይጻፍም ማለት ይቻላል። «ሞሽን 240» ደግሞ የፓነሉ ፍጥነት አይደለም፤ ኩባንያዎች ለማስታወቂያ የሚያወጡት ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለብህ «የፓነሉ የራሱ ሪፍሬሽ ሬት ስንት ኸርዝ ነው?» ብለህ ነው፤ ስክሪኑ ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ ያድሳል ማለት ነው። መልሱ 60 ወይም 120 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ይመጣል። 120 ኸርዝ ምርጫዬ ነው፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ምስሉን ከላይ እስከ ታች ለመሳል 16.7 ሳይሆን 8.3 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይፈጅበታል። የመለኪያ ውጤቶችን ስታነጻጽርም ይህን አስታውስ፦ በ60 ኸርዝ በስክሪኑ መሃል ሲለካ 8 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የሚሆነው በመሳሉ ብቻ ያልፋል። ስለዚህ የአንዱን ቲቪ የ60 ኸርዝ ቁጥር ከሌላው የ120 ኸርዝ ቁጥር ጋር አታወዳድር።

«ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚል ጽሑፍም ብቻውን አያሳምንህ። በ2.1 ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ባህርያት አማራጭ ስለሆኑ፣ 2.1 ተብሎ 4ኬን በ120 ኸርዝ የማይቀበል ፖርት ያጋጥማል። 4ኬ በ120 መቀበሉን፣ ቪአርአር መኖሩንና እነዚህ ስንት ፖርቶች ላይ እንደሚሠሩ ለይተህ ጠይቅ። ሁለት ብቻ ከሆኑና አንዱ ኢአርክ (የቲቪውን ድምፅ ወደ ሳውንድ ባር የሚያወጣው) ፖርት ከሆነ፣ ሁለተኛ ኮንሶል ስታመጣ ትቸገራለህ። ቪአርአር የቲቪውን ሪፍሬሽ ከጌሙ ፍሬም ጋር ያስኬዳል፤ በፕሌይስቴሽን 5 የሚሠራው ከ48 እስከ 120 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። ሞዴሉ አንድ ሆኖ 43 እና 50 ኢንቹ 60 ኸርዝ፣ 55ቱ 120 የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በምትገዛው ኢንች ልክ አንብብ።

ፓነሉ (የስክሪኑ ዓይነት) ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዋናዎቹ ኦሌድ፣ እንዲሁም ሁለቱ የኤልሲዲ ዓይነቶች ቪኤ እና አይፒኤስ ናቸው። ኦሌድ ፒክስሉ ወዲያው ስለሚቀየር ለጌም የሚስተካከለው የለም፤ ነገር ግን አንዱን ጌም በየቀኑ ለረጅም ሰዓት የምትጫወት ከሆነ የማይንቀሳቀሰው የውጤት ሰሌዳ ምልክቱን ሊተው ይችላል። ቪኤ ጥቁሩ ጥልቅ ነው፣ ግን ጨለማ ቦታ ላይ ጭራ ይጎትታል። አይፒኤስ ከጎን ሲታይ አይደበዝዝም፣ ጥቁሩ ግን ወደ ግራጫ ያደላል።

ከገዛህ በኋላ ኮንሶሉን ቀጥታ ቲቪው ላይ ሰካና ድምፁን በኢአርክ ወደ ሳውንድ ባሩ ላክ። በሳውንድ ባሩ በኩል ካሳለፍከው፣ እሱ 4ኬን በ120 የማያስተላልፍ ከሆነ ምስሉ ወደ 60 ይወርዳል። ከሳጥኑ የወጣውን ኬብል ተጠቀም፤ ሌላ ከገዛህ አልትራ ሃይ ስፒድ የሚለው ይሁን። ኬብል ላግ አይቀንስም፤ ደካማ ከሆነ ግን ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም 120 ኸርዝ አይመጣም። ቲቪው ላይ ለፖርቱ የተሻሻለውን የሲግናል ፎርማት ማብራት አትርሳ፤ ሶኒ ኢንሃንስድ ፎርማት፣ ሳምሰንግ ኢንፑት ሲግናል ፕላስ ይሉታል። ከዚያ በኮንሶሉ ስክሪን ኤንድ ቪዲዮ ውስጥ የቪዲዮ አውትፑት ኢንፎርሜሽን ገጽን ክፈትና ምን እየተላከ እንደሆነ በዓይንህ አረጋግጥ።

ጌም ሞድ በርቶም ላግን መልሰው የሚያስገቡ ነገሮች አሉ። ጌም ሞሽን ፕላስ የመሳሰሉ ማለስለሻዎችንና በፍሬሞች መሃል ጥቁር የሚያስገባውን አማራጭ አጥፋ። የብሉቱዝ ኢርፎን ደግሞ ድምፁን ስለሚያዘገይ ጌሙ የዘገየ ያስመስላል፤ ስትለካ በቲቪው ድምጽ ወይም በገመድ ኢርፎን ተጫወት።

ያሁኑን ቲቪህን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ከጀርባው ላይ አንብበህ ጻፍልን፤ ጌም ሞዱ የት ሜኑ ውስጥ እንዳለ እንነግርሃለን።