የጆሮ ነርቭ ዕጢ ቢወጣ መስማቴ ይተርፋል?

ጥያቄ፦ በግራ ጆሮዬ ስልክ ሳነሳ ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ስልኩን ወደ ቀኝ ማዞር ለመድኩ። ኤምአርአይ ተነስቼ የመስሚያው ነርቭ ላይ 1.2 ሴንቲ ሜትር ዕጢ አለ ተባልኩ፤ ካንሰር አይደለም ብለውኛል። ቀዶ ጥገና ብደረግ መስማቴ ይተርፍልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በእርግጠኝነት ይተርፋል የሚልሽ ካለ ተጠራጠሪ። ቢሆንም ነገሩ ጭፍን ግምት አይደለም። መጠኑ ላንቺ ያደላል፤ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ተስፋው የተሻለ ነው፣ ከ3 ካለፈ ግን መስማት የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ያ የስልኩ ነገር ነው። በመስማት ምርመራው ላይ ከተነበቡልሽ ቃላት ስንቱን በትክክል እንደደገምሽ ጠይቂ፤ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ለመስማት የሚያስፈልግሽ ዝቅተኛው የድምፅ መጠንም ከ30 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ካልበለጠ፣ ጥሩ ስንቅ ይዘሽ ነው የምትገቢው። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ የሚተርፈውም ብዙ ላይጠቅምሽ ይችላል። ሐኪሞቹ ዕጢው ጋ ለመድረስ በየት በኩል እንደሚገቡም ጠይቂ፤ በውስጥ ጆሮ በኩል ከሆነ የዚያ ጆሮ መስማት አበቃ፣ ክርክር የለውም። በሌላው መንገድም ቢሆን ነርቩ ሳይነካ ቀርቶ፣ ለውስጥ ጆሮ ደም የምታደርሰው ቀጭን የደም ሥር ከተጎዳች መስማት ሊጠፋ ይችላል። ለመሆኑ ምን አስቸኮለሽ? ትንሽ ዕጢን እኮ በየጊዜው ኤምአርአይ እየተነሱ መከታተልም አለ።