አደራውን ለአፕ ሳይሆን ለሰው ስጪ

እህቴ፣ በቅድሚያ ምሕረቱን ያምጣልሽ። ሕክምና ላይ እንደሆንሽ፣ ለሁለቱ ልጆችሽ በየልደታቸው የሚደርስ የቪዲዮ መልእክት ማስቀመጥ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። "ከሞትኩ በኋላ በራሱ የሚልክልኝ፣ የሚታመን አፕ የትኛው ነው?" ነው ጥያቄሽ። ታላቅ እህቴ ለልጆቿ እንዲህ ያለ መልእክት ትታ ነው ያረፈችው። አደራውን የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

በአፕ ብቻ አትመኪ። ልጆችሽ ገና ትንንሽ ከሆኑ መልእክቱ ብዙ ዓመት መቆየት አለበት። ይህን አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ ዛሬ ተከፍተው ነገ ሊዘጉ ይችላሉ። ክፍያው ሲቋረጥ ፋይሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሌላው ነገር፣ መሞትሽን በምን ያውቃሉ? ብዙዎቹ በየጊዜው "አለሽ ወይ?" የሚል ኢሜይል ይልካሉ፤ መልስ ካጡ መልእክቱን ይለቁታል። ሆስፒታል ተኝተሽ ኢሜይልሽን ሳትከፍቺ ብትቆዪስ? አንቺ በሕይወት እያለሽ የስንብት ቃልሽ ልጆችሽ እጅ ሊገባ ነው።

የትልልቆቹ ድርጅቶች አሠራር ይሻላል፤ እሱም ግን ለልደት መልእክት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር የሚባል ነገር አለው። አካውንትሽን ለመረጥሽው ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ3 ወይም ለ18 ወር፣ ካልተጠቀምሽበት እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች ያሳውቃል፤ የፈቀድሽውን ፋይልም ያጋራቸዋል። አፕል ደግሞ እስከ 5 ሰው በሌጋሲ ኮንታክትነት፣ ማለትም ከሞትሽ በኋላ አካውንትሽን ማየት የሚችል ሰው አድርገሽ፣ እንድትመዘግቢ ይፈቅዳል። የተመዘገበው ሰው ስትመዘግቢው የሚሰጠውን የመክፈቻ ኮድና የሞት ምስክር ወረቀት ለአፕል ማቅረብ ይኖርበታል። ከተፈቀደለት በኋላ ያለው ጊዜ 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ አካውንቱ ይሰረዛል። ዋትስአፕ ላይ የተውሽውንማ እርሺው፤ 120 ቀን ያልተከፈተ አካውንት አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል።

ስለዚህ ሰው ምረጪ። ቢቻል ሁለት ሰው፣ አንዱ በዕድሜ ከአንቺ የሚያንስ። እህቴ ፋይሎቹን በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጣ አንዱን ለእኔ፣ ሌላውን ለጓደኛዋ ሰጠች። የትኛው ለማን እንደሆነ በእጇ ጽፋ አብራ አስቀመጠች። እኔ በየጊዜው እየከፈትኩ መሥራታቸውን አያለሁ፤ ዲስክ ሲያረጅ ወደ አዲስ እገለብጣለሁ። ፋይሉን በተለመደ ዓይነት፣ በኤምፒ4 ወይም በኤምፒ3 ያዢው። ስልክሽ ላይ ብቻ እንዳይቀር አደራ። መክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል።

አሁን ከአፑ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ቀን አትቁረጪባቸው። እህቴ ለሴት ልጇ 18ኛ ዓመት ልደት የሚሰጥ ቪዲዮ ትታ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ቤቱ በጓደኞቿ ተሞልቷል፣ ልጅቷ ደስ ብሏታል። ወደ ጓዳ ጠርቼ ስነግራት "አጎቴ፣ ዛሬ አልችልም" አለችኝ። ልክ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ ራሷ መጥታ ጠየቀችኝ፤ በሯን ዘግታ ብቻዋን አየችው። "18 ሲሞላሽ" ከማለት "ዝግጁ ስትሆኚ" በይ። መልእክት መኖሩንም አስቀድመው ይወቁ፤ ከሞተ ሰው ድንገት የሚመጣ መልእክት ያስደነግጣል።

ትእዛዝም አታብዢ። "ሐኪም ሁኚልኝ" የተባለች ልጅ ሐሳቧ ቢቀየር እናቷን ማስረዳት አትችልም። እህቴ ምክር የሞላበት ረጅም ቪዲዮ ነበራት፤ ልጆቹ አንዴ አይተው ተዉት። ደጋግመው የሚሰሙት ሌላ ነው። አጭር የድምፅ ቅጂ ነው፤ ወንዱ ልጅ የተወለደ ሌሊት የሆነውን ትነግረዋለች። መሃል ላይ ያስላታል። "ቆይ፣ ውኃ ልጠጣ" ትላለች፤ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ይሰማል፤ ከዚያ ትስቃለች። ልጁ ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያዳምጠው እሱን ቦታ ነው። ከልቤ የምልሽ፣ ሳል ወይም ስህተት አለው ብለሽ አታጥፊ፣ እንደገናም አትቅረጪ።

የንብረት ጉዳይ እዚህ ውስጥ አይግባ። እሱ በሕጉ መሠረት በተሠራ ኑዛዜ ይለቅ።

ስትጀምሪ ከትንሹ ልጅሽ ጀምሪ። ትልቁ ያንቺ የራሱ ትዝታ ይኖረዋል፤ ትንሹ ግን ድምፅሽን የሚያውቀው ከዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። አቅም ባለሽ ቀን አንድ አጭር ነገር ቅረጪና ያን ቀን በዚያው ይብቃሽ። ፋይሎቹን ማደራጀቱ ካስቸገረሽ ጻፊልኝ፣ አግዝሻለሁ።