ዛፉ እስኪያፈራ እኔ አረጃለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሽታን በዘራቸው የሚቋቋሙ የኮኮነትና የዘይት ዘንባባ ዝርያዎች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። አማካሪ መምህሬ ግን ‹አንድ ዝርያ ለማውጣት ዕድሜሽን ትጨርሻለሽ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን የጂኖም (የተክሉ ሙሉ የዘር መረጃ) ጥናት ያዢ› አሉኝ። የቱን ልያዝ?»

እህቴ፣ ስለ ጊዜው መምህርሽ እውነታቸውን ነው። ረጅሙ የኮኮነት ዓይነት ፍሬ እስኪሰጥ 6 ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። የዘይት ዘንባባን አንድ ዙር አዳቅሎ መምረጥ 10 ዓመት አካባቢ ይወስዳል። ግን ማንም ከባዶ ማሳ አይጀምርም። አንቺ የምትገቢው ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የተከለው ዛፍ ሥር ነው። የእሱን ትመዘግቢያለሽ፤ አንቺ የምትተክዪውን ደግሞ ከኋላሽ የሚመጣው ይመዘግበዋል።

ጂኖሙንም ተማሪው፣ ይጠቅምሻል። የዘይት ዘንባባ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እኔ የምፈራው ማሳ ሳትረግጪ እንዳትቀሪ ነው። ምክንያቱን በጃማይካ ታሪክ ላሳይሽ።

እዚያ ፋይቶፕላዝማ የተባለ የባክቴሪያ ዓይነት የሚያመጣው «ገዳይ ቢጫ» የሚባል በሽታ የአገሩን ረጅም ኮኮነት ፈጀው። ባለሙያዎች አጭሩን የማላያ ዝርያ ከፓናማው ረጅም ጋር አዳቅለው ሜይፓን የተባለ ዲቃላ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገበሬው እጅ ገባ፣ ለዓመታትም በሽታውን ተቋቋመ። ከዚያ እሱም በብዛት ይሞት ጀመር። ለምን? አንዱ ግምት በሽታ አምጪው ተለውጦ ይሆናል የሚል ነው። ሌላው ግን የወላጆቹ ዘር በሌላ ኮኮነት ብናኝ ተበርዞ ይሆናል ይላል። አስቢው፤ ያ ገበሬ ሜይፓን ብሎ የተከለው ምናልባት ሜይፓን አልነበረም።

ለዚህ ነው መዝገብ የምወደው። ለገዳይ ቢጫ ምርመራ ናሙና ስትወስጂ ግንዱን በመሰርሰሪያ ትሰረስሪያለሽ። የወጣውን ሰጋቱራ በከረጢት ትሰበስቢያለሽ። ወደ ሌላ ዛፍ ከማለፍሽ በፊት መሰርሰሪያውን በእሳት ለብለብ ታደርጊዋለሽ፣ የአንዱ ዛፍ ዲኤንኤ ከሌላው እንዳይቀላቀል። ከዚያ ከረጢቱ ላይ የዛፉን ቁጥር ትጽፊያለሽ። ቁጥሩ ከተሳሳተ ላቦራቶሪ ያለው ሰው ሁሉ ለወራት የሚለፋው በሌላ ዛፍ ላይ ነው። የትኛውም ኮምፒውተር ይህን አያርምልሽም።

ደግሞ ሁሉም ሥራ 10 ዓመት አያስጠብቅም። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የዘይት ዘንባባን የሚያበሰብሰው ጋኖደርማ የተባለ ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ምልክት ሲያሳይ የግንዱ ውስጥ ግማሹ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በችግኝ ይፈትኑታል። ፈንገሱ የተራባበት የጎማ ዛፍ እንጨት ቁራጭ ከችግኙ ሥር ይቀመጣል፤ ከወራት በኋላ ችግኙ ተሰንጥቆ የበሰበሰው ይለካል። ውጤቱ በማሳ መረጋገጥ አለበት፤ ለመመረቂያ ጥናት ግን በቂ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር።

መቋቋም ብቻውን ገበሬውን እንደማያድንም ልብ በይ። ኮሎምቢያ ውስጥ የዘይት ዘንባባን እምቡጥ የሚያበሰብስ በሽታ ብዙ እርሻ ሲያወድም፣ የአፍሪካው ዝርያ ከአሜሪካው ዘመዱ ጋር ተዳቅሎ ተተከለ። ዲቃላው ይቋቋማል፤ ግን ብዙውን ጊዜ ብናኙን ሰው በእጁ ካላደረሰለት በደንብ አያፈራም። የሠራተኛውን ወጪ የሚሸከመው አምራቹ ነው። ይህን የሚያሰላ ሰው ቡድኑ ውስጥ ሲኖር ደስ ይለኛል፤ አንቺ ሁኚ።

ስታቲስቲክስ አጥብቀሽ ያዢ። ፈረንሳይኛ ወይም ስፓኒሽም ጀምሪ፤ ኮትዲቯር ትልቅ የኮኮነት ዝርያዎች ስብስብ አለ፣ ኮሎምቢያ ደግሞ ሴኒፓልማ የተባለ የዘይት ዘንባባ ምርምር ማዕከል አለ።

ለማስተርስ ስታመለክቺም «ጀነቲክስ እወዳለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። ይልቅ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ «የበሽታ መዝገባችሁ የስንት ዓመት ነው? ዛፎቹስ የተባሉት ዝርያ መሆናቸው በዲኤንኤ ተረጋግጧል?» በደንብ ከመለሱልሽ እዚያ ግቢ።