«ኩላሊቱን ሸጦ ነው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ግን ሲጠይቅዎት አላየሁም። ፍኖተ ሰላም እህል ነጋዴ ነኝ፣ 43 ዓመቴ ነው። 146 ኪሎ ነበርኩ። ስኳርና ደም ግፊት ነበረብኝ፣ ጉልበቴም አልሸከም ብሎኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን ተቆርጬ ከተመለስኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ቱቦ አድርገን ቀንሰነዋል ብለውኛል። ከባለቤቴና ከታላቅ ወንድሜ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሰው «ለሥራ ነው የሄድኩት» ብያለሁ። ዛሬ 98 ኪሎ ነኝ። ስኳሬ ወርዷል፣ ጆንያ ሳስጭን አላለከልክም፤ ተመስገን ነው።

ግን አገሩ አላስቀምጥ አለኝ። መጀመሪያ «ከሳህሳ» ብቻ ነበር። በኋላ ጸበል ስጠመቅ ሆዴ ላይ ያሉትን አምስት ጠባሳዎች ያየ ሰው «ኩላሊቱን ሸጦ ነው» ብሎ አወራ። ሌላው «ያ በሽታ ነው» ይላል። በዱቤ በቆሎ ይሰጡኝ የነበሩ ሰዎች ዘንድሮ «እጅ በእጅ ይሁንልን» አሉኝ፤ እሞትባቸዋለሁ ብለው እኮ ነው። በወር በ12 የሚካኤል ማኅበር አለን፤ ባለፈው ሁለተኛውን መለኪያ አረቄ ሳልጨርስ ዞሮብኝ ደግፈው ቤት አስገቡኝ። ባለቤቴ ወጥ ባስተረፍኩ ቁጥር «እጄ አልጥምህ አለ» ብላ ታኮርፋለች። ፀጉሬ ይረግፋል። ደረቴና ሆዴ ተንጠልጥሏል፤ መብራት ካልጠፋ ልብሴን አላወልቅም። ጾሙንስ እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጤና መኮንን መሆኔን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። እኔም ራሴ ጨጓራዬን የተሠራሁ መሆኔን ግን እዚህ ዓምድ ላይ ጽፌ አላውቅም። ደብረ ማርቆስ ላሉ ጎረቤቶቼ ከነገርኩ ቆይቷል፤ ለእናንተ ዛሬ በአንተ ምክንያት መናገሬ ነው። ይህን ቀዶ ጥገና ከሚያደርጉት ሰዎች በብዙ አገር ከአምስቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው ወንድ። ስለዚህ ወንድ ሲገጥመው የሚጠይቀው ሰው ያጣል።

አንተ የተሠራኸው «ስሊቭ» የሚሉትን ነው። ከጨጓራህ ከሦስት አራተኛ የማያንሰው ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው ሙዝ ይመስላል። ግሬሊን የሚባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው ያ የወጣው ክፍል ነበር። እና ለባለቤትህ እንዲህ በላት፦ እጇ አልተለወጠም፣ ሆድህ ነው የተለወጠው። የእኔ ግን ባይፓስ ነው፤ ጨጓራዬን እንቁላል እስክታህል አሳንሰው ከትንሹ አንጀት ጋር ቀጥለውልኛል።

እኔም እንዳንተ ደብቄ ነበር። «ጨጓራዬን አሞኝ ነው» እያልኩ ዓመት አለፈ። ከዚያ ወገቤን ያዘኝና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዲክሎፌናክ የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ። ባይፓስ ለተደረገለት ሰው ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ጠላቶቹ ናቸው፤ ጨጓራውና አንጀቱ የተጋጠሙበትን ቦታ ያቆስሉታል። ይህን ለሌላው ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን «ለምን አትወስድም?» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ? እሺ ብዬ ተቀብዬ አሥር ቀን ዋጥኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ፤ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ላቤ ሲንቆረቆር ትዝ ይለኛል። ቁስሉ ደም እያፈሰሰ ነበር። ዕውቀቱ ነበረኝ፤ አፉ ነው ያልነበረኝ። አንተም ብትሆን የሕመም ማስታገሻ ልትገዛ መድኃኒት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትናገረው ጨጓራህን የተሠራህ መሆኑን ይሁን።

ሐሜተኞቹንም ቢሆን ብዙ አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ቦርጫም ወንድ የደላው ነው፤ የከሳ ወንድ ደግሞ የታመመ ነው። ኤድስ አገራችን የገባ ሰሞን «አመንምን» ይባል እንደነበር ታስታውስ ይሆናል፤ ያ ስም ሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ዛሬም አለ። በዘጠኝ ወር 48 ኪሎ ቀንሰህ ዝም ካልክ ዝምታህን ሰው በመሰለው ይሞላዋል። በቆሎ የሚያበድሩህም ክፉ ሆነው ሳይሆን ለበቆሏቸው ሰግተው ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሰው ብቻ ንገር። አንዱ ብዙ እህል የሚያበድርህ ሰው ነው። ሱቁ ሄደህ ሸሚዝህን ገልጠህ «ስኳር ሊገድለኝ ሲል ሆዴን ተቆረጥኩ፣ ይኸው ጠባሳው፣ ይኸው የምርመራ ወረቀቴ» በለው። ኩላሊት የሰጠ ሰው ጠባሳው የት እንደሚሆን ባያውቅም ወረቀቱን ያነባል። ሁለተኛው የማኅበራችሁ ሙሴ ነው። የቀረውን ወሬ እነሱ ያደርሱልሃል። እኔ ማኅበር ላይ የተናገርኩ ቀን ቤቱ ጸጥ አለና አንድ ሽማግሌ «ታዲያ የተቆረጠውን የት ጣሉት?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ «ለምን ከሳህ?» ያለኝ የለም።

ለሙሴው መንገርህ ለሌላም ይጠቅምሃል። ገበታ ላይ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ በጉርሻ ሲያጣድፉህ «ተውት፣ እሱ በቃው» የሚል ሰው ከጎንህ ይኖራል። እኔ አንዷን ጉርሻ ተቀብዬ ግማሿን እበላለሁ፤ ሌላዋን ግማሽ በእጄ ይዤ አወራለሁ። እጁ ጉርሻ የያዘ ሰው አይጎረስም። በቀስታ አላምጥ፤ ውኃም ከምግብ ጋር አትጠጣ፣ ከበላህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይ።

አረቄው ግን ቀልድ አይደለም። ዱሮ ጨጓራህ ይዞ ያቆየው የነበረው አልኮል አሁን ቶሎ ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ደምህ ውስጥ ፈጥኖ ይገባል፣ ከፍ ብሎም ይወጣል። ያዞረህ እሱ ነው። የሚያሳስበኝ ግን የመጪው ዓመት ነገር ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በተለይ ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች ላይ የመጠጥ ችግር የጨመረው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ወንዶች ደግሞ የበለጠ ተጋላጭ ነበሩ። ሆድ ሲጠብ ሰው ከምግብ ያገኘው የነበረውን ደስታ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ማኅበር ደግሞ ዙሪያውን መለኪያ ነው። እኔ አረቄ ትቻለሁ፤ ጽዋውን ተሳልሜ አሳልፋለሁ። አንተም ተው ብዬ እመክርሃለሁ።

ፀጉሩ ይመለሳል። ሰውነት ቶሎ ሲከሳ የሚመጣ ነው፤ ፕሮቲን ካላጎደልክ በወራት ውስጥ ይበቅላል።

የተንጠለጠለው ቆዳ ግን በስፖርት አይሰበሰብም፤ ይሰበሰባል የሚልህን አትመን። በቀዶ ጥገና ማስወገድ ከፈለግህ ክብደትህ እስኪረጋ፣ ማለትም ዓመት ተኩል ያህል ጠብቅ። መኝታን በተመለከተ ስትሸሽ እንደጻፍክ ገብቶኛል። ቦርጭ የወንድን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይለውጣል፤ ሲቀልጥ ቴስቶስትሮን ከፍ ይላል፣ ብዙ ወንድም ጉልበቱ ይመለስለታል። ያንተ ችግር መብራቱ ነው። ባለቤትህ አንተ ስትቆረጥ አብራህ ነበረች፤ አንድ ቀን ሳታጠፋ አውልቅ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ መለያየት ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ለማስፈራራት አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ተለውጦ ሌላው ዱሮ በነበረበት ሲቀር ቤት እንደሚናጋ እኔም በቤቴ አይቻለሁ። የእኔዋ ኩርፊያ ያቆመችው ትንሽ ድስት ገዝተን ወጤን ለብቻው መሥራት ስትጀምር ነው፤ ካለቀ እሷም ደስ ይላታል።

ጾሙን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሃል፤ በዚያች ሆድ ላይ 55 ቀን ሁዳዴን ያለ እንቁላልና ወተት መሙላት ይከብዳል። የእኔ ንስሐ አባት የመጀመሪያውን ዓመት ፈቅደውልኛል። ዛሬ ስጾም ግብጦ ያወጣኛል። እናቶቻችን ቆልተው ወንዝ ውስጥ ቀናት ነክረው ምሬቱን የሚያስወጡለት ያ ግብጦ፣ ደረቁ ፍሬ ሲሦው ገደማ ፕሮቲን ነው። ሌሎች ከአረቄ ጋር ይቆረጥሙታል፤ እኔ ልጬ በሹካ አድቅቄ እበላዋለሁ። ሽሮና ምስር ጨምርበት፤ እንጀራውን ቀንስ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ስለ ቫይታሚን አንዲት ቃል የለችበትም። እኔንም የሠሩኝ ሰዎች የአንድ ወር እሽግ ሰጥተው ነው የሸኙኝ። ይህ ግን የዕድሜ ልክ ነገር ነው፦ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ። ቢ12 ጉበት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚጠራቀም ማለቁን የምታውቀው ቆይቶ እግርህ ሲደነዝዝ ነው። የስኳርና የግፊት ኪኒኖችህን በራስህ አታቁም፣ ሐኪምህ መጠኑን ያስተካክለው። ትውከት ለቀናት ካላቆመ ደግሞ ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ያልቃል፣ አእምሮን ይጎዳል፤ ሳታድር ሆስፒታል ሂድ። ለዚህ ሳምንት ግን የደም ምርመራ ብቻ አድርግ፤ የቢ12ና የብረት ውጤትህን ጻፍልኝ።