ስለ እንቅልፍ፣ ቡናና ድብርት የጠየቃችሁኝ (ከጅማ)

ሰላም ናችሁ፣ ጅማ የምሰራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ፣ ስለ ቀላል የየቀን ልማዶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው በዛ፣ እንደቻልኩ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ የለኝም፣ ቡና ተው እንዳትዪኝ ብቻ የጅማ ልጅ ነኝ።

መልስ፦ ማን ተው አለህ 😀 ስንት ሰዓት ነው የምትጠጣው? የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ከሰው ሰው ቢለያይም። ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል ቶና በረካ ብለህ 5 ሰዓት ላይ ስትተኛ ግማሹ ገና አብሮህ ነው። ስለዚህ የማታውን ከምሳ በፊት አምጣው። ጎረቤት ቡና ከጠሩህ ግን እንዳትቀር፣ ጨዋታው ራሱ መድኃኒት ነው፣ ፈንዲሻህን እየቆረጠምክ ሲኒውን እለፈው። በረካ አይታለፍም ካሉህ ነርስ ከልክላኛለች በላቸው፣ ይኸው ከለከልኩህ። ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ብትተኛ ጠዋት የምትነሳበትን ሰዓት አትቀያይር፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይሄን ነው።

ጥያቄ፦ ስቅም ደስ ይለኛል በነጋታው ግን ይደብረኛል፣ ምንድነው?

መልስ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፣ ምርቃናው ሲያልቅ ሙድህ አብሮ ይወርዳል። ጨብሲ ስትጨምርበት ደግሞ ባሰ፣ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሌሊት ይቀሰቅስሃል። ለጊዜው የማትቅምባቸውን ቀኖች አብዛ፣ መጀመሪያ አካባቢ ዱካኩ (ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠት) ሊያስቸግርህ ይችላል፣ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ሜዲቴሽን ሞክሬ አልሆነልኝም።

መልስ፦ ተይዋ የኔ እህት፣ ግዴታ አይደለም። ጀበናው እስኪፈላ 4 ቆጥረሽ ትንፋሽ ሳቢ፣ 6 ቆጥረሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ በቃ እሱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጂም አቅሜ አይደለም፣ ክረምቱም ዝናብ ነው።

መልስ፦ ሲያባራ ከባጃጅ ቀደም ብለህ ውረድና በእግርህ ግባ፣ ቅዳሜ የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሞክረው። ደመና ቢሆንም የውጪው ብርሃን ከቤት ውስጡ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ጠዋት ላይ ደግሞ ለእንቅልፍህም ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ መቼ ልሂድ?

መልስ፦ ሀዘኑ ወይ ምንም ነገር ያለማስደሰቱ ቀኑን ሙሉ፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ 2 ሳምንት ከቆየ። ራስን የማጥፋት ሀሳብ ካለ ግን ዛሬውኑ፣ ብቻህን ሳትሆን ሰው ይዘህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበሉም ዱዓውም ጎን ለጎን ይሁን፣ የተሰጠህን መድኃኒት ግን ሳታማክር እንዳታቋርጥ።