«አገናኘው» ወይስ «ግጠመው»?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በሌዘርና ሲኤንሲ በሚባለው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን የስም ሰሌዳ፣ መስቀልና የፋሲል ግንብ ማስታወሻ እንቆርጣለን። ዲዛይኑን የምንሠራው ኮረል በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነው። አሁን ሁለት ልጆች እያስተማርኩ ነው። ታዲያ ንግግሬ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆነብኝ። ‹ከርቩን ሰብረው፣ ኖዶቹን ጆይን አድርግ፣ ከዚያ ዌልድ› እላለሁ። ከርቭ የምለው መስመሩን፣ ኖድ መስመሩ ላይ ያሉትን ነጥቦች፣ ጆይን ጫፍን ከጫፍ ማያያዙን፣ ዌልድ ደግሞ ቅርጾችን አቅልጦ አንድ ማድረጉን ነው። አንድ ቀን በአማርኛ ልሞክር ብዬ ‹እዚህ ጋ ቁረጠው› አልኩት። ልጁ የመቀሷን ምልክት ተጫናት፤ ሥዕሉ ድራሹ ጠፋ። ሌላ ቀን ‹አገናኛቸው› ብለው ጫፎቹን አጠጋግቶ ‹ይኸው ተገናኙ› አለኝ። ማሽኑ ግን አልቀበልም አለ። ለመሆኑ የጆይን አማርኛው ምንድን ነው? ከርቭስ ኩርባ ነው፣ ቅስት ነው፣ ወይስ ጥምዝ? ከኖዱ በሚወጡ ክንዶች እየሳብን የምናጎብጠውን ቤዚየርንስ ምን ልበለው?»

መልስ፦ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መዝገበ ቃላት አልገለጥኩም። ጫማዬን አድርጌ ሱቅዎ መጣሁ። እርስዎ ዕቃ ሊያመጡ አዘዞ ወርደው ነበር፤ ልጁን አገኘሁት። «እስቲ የተጣላችሁበትን ሥዕል አሳየኝ» አልኩት። ከፈተልኝ። የግንብ ሥዕል ነው። በሩ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው። የጉብጠቱ ጫፍ ከግድግዳው መስመር ጋር ተጣብቆ ይታያል። «አጉላው» አልኩት። አጎላው፤ አሁንም ተጣብቋል። ደግሞ አጎላው። ፀጉር የምታህል ክፍተት ታየች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያጎላው ያቺ ፀጉር ገደል ሆነች።

ልጁ አፍሮ ጫፉን ጎተተና ከሌላው ጫፍ ላይ ልክክ አድርጎ አስቀመጠው። ገደሉ ጠፋ። ቀለም ሊሞላው ሞከረ፤ አልያዘም። የጥያቄዎ መልስ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ጫፎች አንድ ቦታ ላይ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። በአማርኛ ተገናኝተዋል። አልገጠሙም።

እዚህ ላይ ልጁ አልተሳሳተም። ሁለት ሰዎች ፒያሳ ተገናኙ ስንል ሰላም ይባባላሉ፣ ምናልባት ቡና ይጠጣሉ፣ ከዚያ በየፊናቸው ይሄዳሉ። ሁለት ሆነው መጡ፣ ሁለት ሆነው ተለያዩ። «አገናኛቸው» ብለውታል፤ አገናኛቸው። ፕሮግራሙ በአንድ ጆይን የሚገላግለውን ነገር አማርኛ ለበርካታ ግሶች አከፋፍሎታል። ስለዚህ ጆይን የሚለውን ቃል ከመተርጎም ልጁ በጣቱ የሚሠራውን ሥራ መሰየም ይሻላል።

ጫፎቹ ባሉበት ቆመው፣ በመሃላቸው አዲስ መስመር ገብቶ ክፍተቱን ሲሞላ «ቀጠለ» ነው። ገመድ ሲያጥር የምናደርገው ይኸው ነው። ቀጠለ ሲባል ርዝመት ይጨመራል። ሁለቱ ጫፎች ተሳስበው አንድ ኖድ ሲሆኑ ግን «ገጠመ» ነው። ድስትና ክዳኑ ይገጥማሉ። በርና መቃኑ ይገጥማሉ። «ግጥም አድርገህ ዝጋው» ሲሉ ንፋስ እንኳ እንዳይገባ ማለትዎ ነው። ለማሽን የሚሰጥ ሥዕል የሚፈልገው ይህንን ነው። ኮረልም ካልነገሩት በቀር ያልገጠመ መስመር ውስጥ ቀለም አይሞላም። ስለዚህ ለልጆቹ አጭር ሕግ ይኑርዎት፤ ቀለም ካልያዘ አልገጠመም።

ገጠመ ሌላም ጥቅም አለው። «ጆይን አደረገ» ድርቅ ያለ ነው። በአደረገ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ አይወልድም። ገጠመ ግን ቤተሰቡ ብዙ ነው። መግጠሚያ አለ፣ መጋጠሚያ አለ፣ የማይገጥም አለ። ብዙ ቁራጭ ከሆነ «ገጣጥመው» ይላሉ፤ መኪና የሚገጣጥመው ፋብሪካ እንደሚባለው። ግጥም የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ቃል ከቃል ስለሚገጥም። ቤት ያልደፋ ግጥምና ያልተዘጋ መስመር ሕመማቸው አንድ ይመስለኛል። ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ይጋለጣሉ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። «ኖዶቹን አጋጥማቸው» እንዳይሉ። ተጋጠመ ሲባል እዚህ ከተማ የሚሰማው ሌላ ነው፤ የእግር ኳስ ቡድናችን ፋሲል ከነማ የሚጫወት ይመስለዋል ልጁ።

ዌልድ ላይ አይቸገሩ፤ አማርኛው እጃችን ላይ ነው፤ በየደ። ብየዳ፣ በያጅ፣ መበየጃ። በያጅ ላይ ደ ወደ ጀ የተለወጠችው ከወሰደ ወሳጅ እንደምንለው ነው። ቃሉ በአማርኛ ሥርዓት ይረባል ማለት ነው። ግን ዌልድን ግሩፕና ኮምባይን ከሚባሉት የኮረል ትእዛዞች ጋር እንዳይደባልቁ። ሦስቱን በአንዲት ፊደል ላሳይዎት።

ኤምዲኤፍ ከሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ፣ ከሦስት ሚሊ ሜትሩ፣ የሚቆረጥ ዐ እንሥራ። ትልቅ ክብ ይሣሉ። መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ይጨምሩ። ሁለቱን ይዘው ግሩፕ ቢያደርጉ አብረው ይንቀሳቀሳሉ እንጂ ትልቁም ሙሉ ነው፣ ትንሹም ሙሉ ነው። ነዶ ማለት ነው። ይህን «አሰረ» ይበሉት። መልሰው ሲለያዩት «ፈታ» ይሆናል፤ ያለ ድካም ጥንድ ቃል አገኙ። ኮምባይን ቢያደርጓቸው ግን ትንሹ ክብ ቀዳዳ ይሆናል። ሁለቱ ተጋግዘው አንድ ቅርጽ ሠሩ፤ ዐ ተወለደች። ይህ «አጣመረ» ነው። ዌልድ ቢያደርጓቸውስ? ትንሹ በትልቁ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። ዐ የለችም። እንጎቻ ነው የቀረዎት።

የግንቡ ሥዕል ችግርም እዚሁ ነበር። በሩና ግድግዳው ሁለት የተለያዩ መስመሮች ነበሩ። ኮረል የሁለት መስመሮችን ጫፍ የሚገጥመው መስመሮቹ መጀመሪያ ከተጣመሩ ነው። ስለዚህ ለልጁ የሚነግሩት እንዲህ ነው፤ «አጣምራቸው፤ ከዚያ ጫፎቹን ግጠም»። ሁለት ግስ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉን ይዞለታል። ልጁ እንዲህ ሲባል በአንድ ጊዜ ሠራው። ቀለሙም ያዘ።

ዐን ካነሳን አይቀር፣ ግእዝ የተማረ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ ዐይን ነች። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ እያልን አይደል የምንለያቸው? ታዲያ ፊደሏን ሰሌዳው ላይ በስተው ማውጣት ከፈለጉ መሃሏ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ቀጭን ድልድይ ካልተዉላት ዐይኗ ወደቀ ማለት ነው። በየፊደሉ መሃል ያለውን ባዶ ቦታ «ዐይን» ብትሉት ደስ ይለኛል። መርፌም ዐይን አላት።

አሁን ወደ «ቁረጠው»። ልጁ ላይ አይፍረዱ። ሱቅዎ ውስጥ ቆረጠ ቢያንስ ሦስት ሥራ አለው። ማሽኑ ይቆርጣል። መቀሷ ትቆርጣለች፤ እሷ እንኳ ሥዕሉን ይዛ ነው የምትሰወረው። መስመሩም ኖዱ ላይ ይቆረጣል። እኔ ብሆን ቆረጠን ለማሽኑ ብቻ እተወዋለሁ። ለመቀሷ «ከት አድርግ» ይብቃት፤ ሁሉም የለመደው ነው። መስመሩን ደግሞ «በጥሰው» ይበሉ። መስመር ክር ይመስላል፣ ክር ይበጠሳል። በደብዳቤዎ «ሰብረው» ብለዋል፤ እሱ ከእንግሊዝኛው የመጣ ነው። በአማርኛ እንጨት ይሰበራል፣ እግር ይሰበራል። ክር የሰበረ ሰው ግን አላየሁም። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ሳይታወቅ ተደርቦ ሌዘሩ ሁለት ጊዜ ሲሄድበትና ጠርዙን ሲያከስለው «ድርብ መስመር» ማለት ይበቃል።

ከርቭን በተመለከተ ሦስቱም ቃላት ትክክል ናቸው። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

ኩርባ የሾፌር ቃል ነው። ከደባርቅ አልፈው ሊማሊሞን የወረዱ ያውቁታል። እዚያ ኩርባ ይቆጠራል፤ «ይቺ ኩርባ አደገኛ ናት» ይባላል። ኩርባ መታጠፊያው ነው እንጂ መንገዱ ራሱ አይደለም። ኮረል ግን ከርቭ የሚለው ጠቅላላ መስመሩን ነው፤ ቀጥ ያለ ክፍል ቢኖረውም እንኳ። ስለዚህ «ኩርባ መስመር» ይበሉ። ሲለምዱት «መስመር» ብቻ ይበቃል፤ ልጆቹ ይረዱዎታል።

ቅስት ከቀስት ጋር ዘመድ ነው። ከክብ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። ፋሲል ግቢ ይግቡና በሮቹን ቀና ብለው ይዩ። ለማሽኑም ቅስት የራሱ ትርጉም አለው። ማሽኑ በሚያነበው ጂ ኮድ ውስጥ ጂ01 በቀጥታ ሂድ ማለት ነው። ጂ02 በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ቅስት ሥራ ነው፤ ጂ03 በተቃራኒው። እንግዲህ ቅስትን ለዚህ ካስቀመጡት ቃሉም ማሽኑም አይጣሉም። ለማንኛውም ኩርባ ሁሉ «ቅስት» ካሉ ግን አንድ ቀን እውነተኛውን ቅስት የሚጠሩበት ያጣሉ።

ጥምዝ የተጠመዘዘ ነው። ገመድ፣ ብሎን፣ የተጨመቀ ጨርቅ። ስክሪኑ ላይ ዝርግ ለተኛ መስመር አይሆንም። «ጠማማ መስመር» የሚሉም አሉ። በሒሳብ አያስቀጣ ይሆናል፤ ግን ጠማማ በእኛ አፍ ሰው ነው። መስመሩን ምን አድርጎ ነው የምንሰድበው?

ቤዚየርን አይተርጉሙት፤ የሰው ስም ነው። ፒዬር ቤዚዬ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። ፈረንሳዮች ሲጠሩት የመጨረሻዋ ር አትሰማም። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የመኪና አካል ለመንደፍ ይህን ዓይነት ኩርባ ተጠቅሞ ለዓለም አሳወቀው። የሚገርመው በሲትሮይን መኪና ፋብሪካ የሚሠራው ፖል ደ ካስተልዦ በ1959 ቀድሞት ደርሶበት ነበር። ፋብሪካው ምስጢር አድርጎ ያዘበትና ስሙ ለቤዚዬ ወጣ። አንድ ነገር ልጨምር፤ በቤዚየር ኩርባ የተሣለ ክብ ለዐይን ክብ ነው እንጂ በሒሳብ ልክ ክብ አይደለም፤ በጣም የቀረበ ነው። ቅስትና ኩርባን እንለይ ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኖድን ምን እናድርገው? አንጓ ብዬ ልሰይመው ቃጥቶኝ ነበር። የሸንበቆ አንጓ በጣም ይመስለዋል። ግን አንዳንዱ ሰው አንጓ የሚለው ጉጡን ሳይሆን በሁለቱ ጉጦች መካከል ያለውን ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ኖድ ሳይሆን መስመር ነው። እኔ ኖድን እተወዋለሁ። ኖዱ፣ ኖዶቹ፣ ኖድህን እያለ አማርኛ ለብሷል፤ ማንም አይቸገርበትም። ከኖዱ ወጥተው ኩርባውን የሚስቡትን ሁለቱን ክንዶች ግን ሃንድል አይበሏቸው። «እጀታ» ይበሉ፤ ይዞ መጎተቻ ናቸውና። ሁለቱ እጀታዎች በአንድ ቀጥታ ሲቆሙ መስመሩ ሳይሰበር ያልፋል፤ ይህን «ለዘብ ያለ ኖድ» ልንለው እንችላለን። እያንዳንዱ በየራሱ ሲዞር «ሹል ኖድ» ይሆናል። ለስላሳ ኖድ ያላልኩት ለስላሳ እዚህ በጠርሙስ ስለሚሸጥ ነው።

ስወጣ ሰሌዳዎን አየሁት። «ሌዘር እንቆርጣለን» ይላል። እያየሁት አንድ ጎልማሳ ጃኬቱን በፌስታል ይዞ ገባና እጅጌውን ማሳጠር ስንት እንደሆነ ልጁን ጠየቀው። ጨረሩም ሌዘር፣ ቆዳውም ሌዘር ሆነብን እኮ። ከፊቷ አንዲት በ ይጨምሩላት፤ «በሌዘር እንቆርጣለን»።